የመድኃኒት ቁርኝት ሲለካ ጳጉሜን አትርሱ

በፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ቁርኝት ላይ፣ ማለትም ታካሚው መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት ሳያቋርጥ በመውሰዱ ላይ፣ የሚሠሩ ጥናቶች አብዛኞቹ መጨረሻ ላይ በመቶኛ የተቀመጠ አንድ ቁጥር ይሰጡናል። እዚህ ጅማ መረጃ ልትሰበስቡ ለምትዘጋጁ የማስተርስ ተማሪዎች ልነግራችሁ የምፈልገው፣ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትንተና ገና ሳይጀመር መሆኑን ነው።

በቀን አንድ ክኒን ከሚወስድ ሰው የክኒን ቆጠራ እንነሳ። ቀድሞ የተረፈውን ክኒን አዲስ ከተሰጠው ጋር ደምሩ፣ ዛሬ የቀረውን ቀንሱ፣ ውጤቱን በመካከል ባሉት ቀናት አካፍላችሁ በ100 አባዙ። 95 በመቶና ከዚያ በላይ ጥሩ፣ ከ85 እስከ 94 መካከለኛ፣ ከ85 በታች ዝቅተኛ ይባላል። ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። አንድ ታካሚ ሐምሌ 10 ቀን 90 ክኒን ወስዶ፣ ጥቅምት 10 ቀን 4 ክኒን ይዞ ተመለሰ እንበል፤ ቀድሞ የተረፈ አልነበረውም። "ሦስት ወር ነው" ብላችሁ 86ን ለ90 ብታካፍሉ 95.6 በመቶ ይመጣል፣ ጥሩ ነው ትላላችሁ። በመካከሉ ግን ጳጉሜ አለች። ቀኑ 95 ነው፣ ውጤቱም 90.5 በመቶ፣ ማለትም መካከለኛ። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 96 ቀን ይሆናል።

ከዚህ የባሰው ለታካሚው ነው። ሁሉንም በትክክል ቢውጥ ኖሮም ቀጠሮው ሊደርስ 5 ቀን ሲቀረው ክኒኑ ያልቅበት ነበር። ቀጠሮው ለጥቅምት 5 መያዝ ነበረበት። ጳጉሜን የሚሻገር ቀጠሮ በወር ሳይሆን በቀን ይቆጠር፤ የተቋረጠውን መድኃኒት በታካሚው ላይ መመዝገብ ፍትሕ አይደለም።

ብልቃጡ ራሱም ይዋሻል። ብዙ ሰው ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ክኒኑን ወደ ላስቲክ ይገለብጣል፤ ብልቃጡ ታክሲ ውስጥ ይንኳኳል፣ ጽሑፉም ያጋልጣል። ከውስጥ ያለችው እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብራ ትጣላለች፣ በጅማ ክረምት ደግሞ ክኒኑ ይረጥባል። ንጹሕና ደረቅ ጥጥ ከላይ ቢጨመርበት ድምፁ ይጠፋል፣ ክኒኑም በራሱ ብልቃጥ ይቆያል። ለጥናቱም "ብልቃጡን አምጡ" ከማለት "የቀረውን በያዙበት አምጡ" ማለት ይሻላል።

"መድኃኒትዎን በአግባቡ ይወስዳሉ?" የሚል መጠይቅ "አዎ፣ ፈጣሪ ይመስገን" ከሚል በቀር መልስ አያመጣም። ሰው እንዲናገር መንገዱን ክፈቱለት፦ "ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ያልፈዋል። ካለፈው ሐሙስ ገበያ ወዲህ እርስዎን ስንት ቀን አለፈዎት?" የገበያ ቀን "ባለፉት 7 ቀናት" ከሚለው ይልቅ ቶሎ ይታወሳል። ቀጥሎ ሰዓቱን፣ ቡና ለቀማ ሄደው እንደሆነ፣ በረመዳን ከኢፍጣር ወይስ ከሱሁር ጋር እንደሚውጡ ጠይቁ። የአፋን ኦሮሞውን ቅጂ አንድ ሰው ይተርጉመው፣ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው። ጠያቂው መድኃኒቱን የሚሰጠው ነርስ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የሚቆጣውን ሰው ፊት ለፊት ማን እውነቱን ይነግረዋል?

የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ውጤት ማመሳከሪያ ይሁናችሁ እንጂ የቁርኝት ምትክ አታድርጉት። ዶሉቴግራቪር የተባለው የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ጠንካራ ስለሆነ ጥቂት ቀን ያለፈው ሰው ቫይረሱ ታፍኖ ሊገኝ ይችላል። በተቃራኒው አንዲት ነፍሰ ጡር አንድም ቀን ሳታሳልፍ፣ የአይረን ክኒኗን በባዶ ሆድ አብራ ስለምትወስድ መድኃኒቱ በደንብ ላይሠራ ይችላል። ሁለቱን ከምግብ ጋር አብራ ትውሰድ፤ ያለ ምግብ ከሆነ የፀረ-ኤችአይቪውን ከአይረኑ 2 ሰዓት አስቀድማ ወይም 6 ሰዓት ቆይታ። አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ላለበት የጨጓራ ማስታገሻም ይኸው የሰዓት ርቀት ይጠበቃል፣ እዚያ ላይ ምግብ አያድንም። "ከምን ጋር ይወስዱታል?" የሚል ጥያቄ በመጠይቁ ውስጥ ይግባ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ማን ይጠየቃል የሚለው ነው። መጠበቂያ ክፍል ወንበር ላይ ያገኙትን ሁሉ ለአንድ ወር መጠየቅ የተለመደ ነው። የተረጋጋው ታካሚ በ6 ወር ቀጠሮ ስለሚመላለስ በዓመት ሁለቴ ብቻ ይመጣል፤ ቫይራል ሎዱ ከፍ ብሎ የተገኘው ግን ለተጠናከረ ምክር በየወሩ ይመላለሳል። በዚያ ወር የሚበዙላችሁ እነዚህ ናቸው። ያቋረጠው ደግሞ ጭራሽ ወንበሩ ላይ የለም። ስለዚህ ናሙናው ከክሊኒኩ መዝገብ በዕጣ ይውጣ፣ ዕጣ የደረሰው በቀጠሮው ቀን ይጠበቅ። "ጠፍቷል" የተባለውም ሳይነግር ወደ አጋሮ ወይም ሊሙ ተዛውሮ መድኃኒቱን እየወሰደ ሊሆን ስለሚችል ተጣርቶ ይመዝገብ። ለዚህ ስልክ የሚደውለው ፈቃድ ያለው የክሊኒኩ ባልደረባ ነው፤ ስልኩን ያነሳው ታካሚው ራሱ መሆኑን ሳያረጋግጥ ከየት እንደደወለ አይናገር።