የናይል አዞ በአሜሪካ የሕግ ክፍል

የአካባቢ ሕግ ለመማር አሜሪካ ስመጣ የማጠናቸው ወንዞች የአሜሪካ ወንዞች ብቻ መስለውኝ ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር ግን ዓባይ ጠበቀኝ።

በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነውን የሉጃን ጉዳይ እያነበብን ነበር። የዱር እንስሳት ተቆርቋሪዎች፣ የአሜሪካ መንግሥት በውጭ አገር የሚደግፋቸው ፕሮጀክቶች ብርቅዬ እንስሳትን ያጠፋሉ ብለው ከሰሱ። አንዷ በ1986 እ.ኤ.አ. ግብጽ ሄዳ የናይል አዞ መኖሪያን እንዳየች፣ የአስዋን ግድብ እድሳት አዞውን እንደሚጎዳና ተመልሳ ለመሄድ እንዳሰበች በመሐላ ገለጸች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ቀኑ ያልተቆረጠ የጉዞ ሐሳብ ለመክሰስ አያበቃም አለ። የአውሮፕላን ትኬት ብትቆርጥ ኖሮ ምናልባት ትሰማ ነበር!

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞሩና «በአገርህ ሕግስ?» አሉኝ። የኢትዮጵያን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን ነገርኳቸው፦ ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ያቀርባል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው ፍርድ ቤት ይሄዳል። አስደገሙኝ። ክፍሉ በቅናት አየኝ፤ እኔም ትንሽ ኮራሁ።

ኩራቱ ግን አልቆየም። «ታዲያ ማን ከሰሰ?» የሚለው ተከተለ። ያስታወስኩት፣ አንድ የሲቪል ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ከሶ ውድቅ የተደረገበትን ጉዳይ ነው።

ፕሮፌሰሩ ከማስተማራቸው በፊት ለዓመታት ጠበቃ ነበሩ። ዶክትሬት የላቸውም። እዚህ አብዛኛው የሕግ ፕሮፌሰር በመጀመሪያው የሕግ ዲግሪው ያስተምራል፤ ዶክትሬቱን የሚሠራው በአመዛኙ እንደ እኔ ያለ የውጭ ተማሪ ነው። የበለጠ ያስገረመኝ፣ የታላላቆቹ የሕግ መጽሔቶች አዘጋጆች ተማሪዎች መሆናቸው ነው። የመምህሩን ጽሑፍ ተማሪው ይጥለዋል፤ የማዕረግ እድገቱም በዚያው ጽሑፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህን አሠራር እስከ ዛሬ አልተላመድኩትም።

የፍርድ ቤት ልምዳቸው ግን ጠቀመኝ። ንድፈ ሐሳብ ሳወራ ስለ ገንዘብ ይጠይቁኛል። በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የውኃ ብክለት ሕግ ፋብሪካው ወደ ወንዝ የለቀቀውን ራሱ እየለካ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት ነው። ከሳሹ ማስረጃውን ከተከሳሹ እጅ ያገኘዋል ማለት ነው። ከረታ ደግሞ ፍርድ ቤቱ የጠበቃውን አበል ተከሳሹ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። በሩ ጠባብ ነው፤ የሚያስገባው መንገድ ግን ተጠርጓል። የእኛን በር ወለል አድርገን ከፈትነውና መንገዱን ረሳነው።

ስለ መክሰስ መብት ልጽፍ ያሰብኩትን የዶክትሬት ጽሑፍ በዚህ ምክንያት ቀየርኩት። አሁን የምሠራበት ምዕራፍ፣ ከፋብሪካ በታች የሚኖር ገበሬ ቢከስ የውኃውን ናሙና ማን እንደሚመረምርለትና ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ይመለከታል። ፕሮፌሰሩ ረቂቁን «ገና ነው» ብለው መልሰውልኛል።