የወንድሜ አውሮፕላን ለምን ወደቀ? መልሱን የፈለግነው እኛው ነን

ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ መቀመጫ አልትራላይት (እጅግ ቀላል የመዝናኛ) አውሮፕላን ሲያበር፣ ከመሬት እንደተነሳ ወድቆ ሞተ። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ መርዶ ለሚደርሰው ቤተሰብ ነው፤ እኛን ምን ማድረግ እንዳለብን የነገረን ሰው አልነበረም።

አስከሬኑን ማምጣት አላስቸገረንም። እዚያ ያለው ቀብር አስፈጻሚ ወረቀቶቹን አሟላ፣ ኤምባሲው አረጋገጠ፣ ቦሌ ካርጎ ተረከብን፣ ካዛንቺስ እድራችን ድንኳን ተከለ፣ ቀበርነው።

ያንገበገበን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱ የሚናገረው ሰውነቱ ላይ ስለደረሰው ጉዳት ነው፤ ስለ ሞተሩ አንድም ነገር የለውም። እዚሁ መሀል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ስጠይቅ፣ ኃላፊው «የአውሮፕላን አደጋ ስለሆነ የአገሩ መንግሥት ይመረምረዋል፤ ሪፖርቱ ሲወጣ ይደርሳችኋል፣ ጠብቁ» አለኝ። ጠበቅን። ተመልሼ ስሄድም ሌላዋ ሠራተኛ ያንኑ ደገመችልኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የሚጠበቅ ሪፖርት አልነበረም! እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የሚሠራበት የአሜሪካ ደንብ፣ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ የሚያንስና ወደ 19 ሊትር ቤንዚን ብቻ የሚይዝ ባለ አንድ መቀመጫ አልትራላይት እንዲመዘገብ አያስገድድም፤ አብራሪውንም ፈቃድ አይጠይቅም። ስላልተመዘገበ የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዲህ ያለውን አደጋ አብዛኛውን ጊዜ አይመረምርም። የአካባቢው ፖሊስ ወንጀል አለመኖሩን አይቶ ፋይሉን ዘግቷል። እኛ እዚህ ደጅ ስንጠና ስብርባሪው የበረራ ሜዳው ባለቤት ግቢ ተጥሎ፣ ሞተሩ ገዢ እየተፈለገለት ነበር።

ይህን የነገረን የበረራ ጓደኛው ነው። ምንም ሳይነካ ሁሉንም ፎቶ እንዲያነሳ፣ ከዚያ ማርሚታውን ፈትቶ በጭስ መውጫው ቀዳዳ ፒስተኖቹን እንዲያሳየን ለመንኩት። ሞተሩ ሮታክስ 447 ነው፤ ባለ ሁለት ምት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ አንድ ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ክፍል)።

ፎቶዎቹን ይዤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የቬስፓና የድሮ ባጃጅ ሞተር ሲፈታ ወደኖረ መካኒክ ሄድኩ። ፒስተኖቹ ጎናቸው ተፍቆ፣ አሉሚኒየሙ የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ካርቡራተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ ደግሞ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ጋሼ ጎማውን እንዳየ «ልጄ፣ ይኼ አየር ስቧል» አለኝ። በስንጥቁ ትርፍ አየር ሲገባ የቤንዚኑ ድርሻ ይቀንሳል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ማለስለሻው አብሮ ያንሳል። ፒስተኑ ያብጥና ግድግዳውን ይይዛል። ይህ የሚብሰው ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲሰጥ ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ ማለት ነው። አልትራላይት ቀላል ስለሆነ ሞተሩ ሲቆም ፍጥነቱን ወዲያው ያጣል፤ አፍንጫው ቶሎ ካልወረደ ክንፉ መሸከም ያቆማል። ዝቅ ብሎ የሚበር ሰው ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ምክሬ ከመሥሪያ ቤቱ ምክር ጋር አይገጥምም፦ አትጠብቁ። መርዶው በተሰማ ዕለት ለአካባቢው ፖሊስና ለሜዳው ባለቤት ስብርባሪው እንዳይነካ፣ እንዳይሸጥ በጽሑፍ ጠይቁ። መጀመሪያ «ተመዝግቧል ወይ?» በሉ፤ ካልተመዘገበ መርማሪ አይመጣም ብላችሁ ተነሱ። ሽማግሌዎች «በሐዘን ሰዓት የብረት ነገር ይነሳል?» ብለውኛል። አከብራቸዋለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም። ሰልስት እስኪወጣ ቆይቶ የሚደረስበት ነገር አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ «መንዳት ሳይችል ነው» ሲባል እናቴ ሰምታለች፤ ያንን ቃል ያነሳልን ያ የተሰነጠቀ ጎማ ነው።

ሞተሩን ለመግዛት የተስማማ ሰው ነበረ። ጓደኛው ፎቶዎቹን አሳየው፤ ግዢውን ተወው።