ያልነከሰችው ውሻ

ደንበኛው ያዘዘን የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጠመንጃ ቅጂ ነበር። በባልጩት የሚተኮሰው፣ ከውጭ በኩል «ውሻ» የሚሏት መንጠቆ ያለችው። ባልጩቱን የያዘው መዶሻ ወደ ኋላ ሲሳብ ይቺ መንጠቆ ጀርባውን ነክሳ ትይዘዋለች። እሷ ካልለቀቀችው አይተኮስም።

ገበያው ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ ለ18ኛው ክፍለ ዘመን ጠመንጃዎች ነው። ብራውን ቤስ ወይም ሻርልቪል የሚሠራ ሰው እንደ ልቡ ያማርጣል። መቶ ዓመት ወደ ኋላ ከሄድክ ግን ከዚህም ከዚያም መለቃቀም ነው።

እኔም ለቃቀምኩ። ሰሌዳውን፣ ማለትም መዶሻውና መንጠቆዋ የሚታሰሩበትን ጠፍጣፋ ብረት፣ እና መንጠቆዋን ከአንድ ሻጭ ገዛሁ። መዶሻው አልቆበት ስለነበር ከሌላ አዘዝኩ። ሁለቱም «ከአንድ ዓይነት ጥንታዊ ጠመንጃ የተቀዳ ነው» ብለውኛል። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?

ጭንቀቴ ሌላ ነበር፤ ባልጩቱ የሚመታው ብረት። ብዙ ሰው ፍንጣሪው ከድንጋዩ የሚወጣ ይመስለዋል። የሚነደው ግን ድንጋዩ ፍቆ ያነሳው የብረት ቅንጣት ነው። ስለዚህ ብረቱ ካርቦኑ ከፍ ያለ፣ ግሎ የጠነከረ መሆን አለበት። በሞረድ ሞከርኩት፣ ሞረዱ አንሸራተተ። ጎሽ አልኩ።

መንጠቆዋ ግን መዶሻው ጀርባ ላይ ያለው ቁርጥ ውስጥ አልገባ አለች። ለጥቂት ነው። ቀኑ ደግሞ ደርሶብኛል። ጫፏን ፋቅ ፋቅ አደረግኳት፣ ገባች።

አለቃዬ መጡ። ባሩድ የለም፤ በባልጩቱ ቦታ የታሰረው እንጨት ነው። መዶሻውን ስበው መንጠቆዋን አስነከሱና በአውራ ጣታቸው ወደ ፊት ገፋ አደረጉት። ቀጭ! ወደቀ። ቀና ብለውም አላዩኝ።

«ለክተኸዋል?»

አልለካሁም። ካሊፐር አመጣሁ። ከመዶሻው መዞሪያ ቀዳዳ እስከ ቁርጡ 50 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው 49 ነው።

ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ 2 በመቶ ገደማ። ቅርጹን ከዋናው ጠመንጃ ወስደህ ብታፈስ ቅጂው ከዋናው ያንሳል። ከቅጂው ሌላ ቅጂ ብታወጣ እንደገና ያንሳል። የእኔ ሰሌዳ ልጅ ነበር፣ መዶሻው የልጅ ልጅ። ለብቻ ለብቻ ስታያቸው ሁለቱም ያምራሉ፣ ምንም አያስታውቅም።

መዶሻውም የፋቅኳት መንጠቆም ከጥቅም ውጭ ሆኑ። የመጀመሪያው ሻጭ ዕቃው እስኪገባለት ጠብቄ ሁለቱንም ከእሱ ገዛሁ። ለደንበኛው ደውዬ ቀን ማራዘሙን የነገርኩት እኔው ነኝ፤ አለቃዬ አጠገቤ ቆመው እየሰሙ።

በማግስቱ ለሁለተኛው ሻጭ ጻፍኩለት፦ «ቅርጹን የወሰዳችሁት ከዋናው ነው ወይስ ከቅጂ?»

መልሱ ቶሎ መጣ። «ከቅጂ ነው። ችግር የለውም፣ በሞረድ ትንሽ ፋቅ ማድረግ ነው።»