ብርሃን ሲበዛበት የሚታጠፈው እንስሳ

ሰሞኑን ልቤን የወሰደው ዛጎል የሌለው አንድ የባህር ቀንድ አውጣ ነው። ጅማ ተቀምጬ የባህር እንስሳ ማሰላሰሌ ለራሴም ያስቀኛል። ግን ምን ላድርግ? ፎቶሲንተሲስን፣ ማለትም ዕፅዋት በብርሃን ምግብ የሚሠሩበትን መንገድ፣ ሳስተምር “እንስሳስ ይህን ማድረግ ይችላል?” የሚል ተማሪ አይጠፋም። የሚችል አለ፤ ለዚያውም ሰርቆ።

ስሙ ኤሊሲያ ቲሚዳ ነው። ሜዲትራኒያን ባህር ውስጥ፣ ውሃው ጥልቅ ባልሆነበት ይኖራል። ርዝመቱ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አልጌ የሚባለውን ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ይወጋና ውስጡን ይመጠዋል። ሌላውን ይፈጨዋል፤ ክሎሮፕላስቱን (በብርሃን ምግብ የሚሠራውን አረንጓዴ ክፍል) ግን ሳይነካ አንጀቱ ሴሎች ውስጥ ያስቀምጠዋል። የተሰረቀው ክሎሮፕላስት ብርሃን እስካገኘ ሥራውን ይቀጥላል። ጃፓናውያኑ ካዋጉቲና ያማሱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 ይህንኑ በሌላ ዘመዱ ላይ አይተው ጽፈዋል። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚኖረው ኤሊሲያ ክሎሮቲካማ የሰረቀውን ለወራት ያቆየዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ “በፀሐይ የሚኖር እንስሳ!” ብሎ ያልፋል። እኔን የያዘኝ ግን የብርሃን አያያዙ ነው።

በግራና በቀኙ ክንፍ የሚመስል ስስ ሥጋ አለው። አረንጓዴው የሚታየው በክንፎቹ ውስጠኛ ገጽ ነው፤ ውጪው ነጣ ይላል። ብርሃኑ መጠነኛ ሲሆን ይዘረጋቸዋል። ሲበረታ ደግሞ ወደ ጀርባው አጥፎ አረንጓዴውን ይሸፍናል። በረድ ሲል መልሶ ይከፍታል።

ምክንያቱም የበዛ ብርሃን ክሎሮፕላስትን ይጎዳል። በተለይ ፎቶሲስተም ሁለት የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ክፍሉ ይሰበራል። አልጌው ውስጥ እያለ ይህ ጉዳት ቶሎ ቶሎ ይጠገን ነበር። ክሎሮፕላስት ከሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች የብዙዎቹ ትእዛዝ ያለው ግን አልጌው ኒውክለስ (ዘረ መሉ የሚቀመጥበት የሴሉ ክፍል) ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ደግሞ ኒውክለሱን አላስቀረውም። እና የሰረቀውን መጠበቅ አለበት።

የቡና ገበሬ ይህን ሳያነብ ያውቀዋል። ወደ አጋሮ መንገድ ቡና ያለው አጎቴ፣ ከቡናው ራስ ላይ ዋንዛና ብርብራውን ቁረጥ ቢሉት ሞቱ ነው። “ፀሐይ ላይ ራቁቱን ያደረ ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ያፈራና ይደክምብሃል” ይለኛል። ቡና ቅጠሉን አጥፎ አይሸሸግ፤ ጥላውን ሰው ይተክልለታል።

ይህን ክፍል ውስጥ ሳወራ አንዱ እጁን አወጣ። “ቲቸር፣ ፀሐይ ካለው ታዲያ አልጌ ምን አስበላው?”

ጥሩ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎችም ተከራክረውበታል። በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ጥናት እነዚህ እንስሳት ጨለማ ውስጥ ያለ ምግብም ለሳምንታት እንደሚኖሩ አሳየ። “በፀሐይ የሚኖር” የሚለው ስም ያኔ ትንሽ ተነቀነቀ። በፈረንጆቹ 2021 ደግሞ እዚሁ ኤሊሲያ ቲሚዳ ላይ ሌላ ነገር ተገኘ። በብርሃን የተሠራው ምግብ ወደ መራቢያ አካሉ ይሄዳል፤ ብርሃን ያነሰባቸው ደግሞ የጣሉት እንቁላል አነሰ። (እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ስለሆነ እንቁላል መጣል የሁሉም ሥራ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።)

ልጁ ግን አልተዋጠለትም። “ያን ሁሉ መታጠፍና መዘርጋት ለእንቁላል ብሎ ነው?”

“በከፊል አዎ” አልኩት።