እህቴን ውሃ ከለከልኳት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ወገብና ትከሻ ስለካ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የእህቴን ትንፋሽ መለካት እንዳለብኝ ግን የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እትዬ ታላቄ ናት፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። በ2013 ዓ.ም. በካንሰር ምክንያት የግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ ኬሞቴራፒውንም ጨርሳ ወደ ጉልቷ ተመልሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ደረቅ ሳል ያዛት። ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ብርድ ነው ተብሎ ሽሮፕና አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ሳምንት ቆይተን ብንመለስ ሌላ አንቲባዮቲክ ታዘዘ። ስለ ጡቷ ማንም አልጠየቀም፣ እኛም አልተናገርንም። እሷ አፍራ፣ እኔ የዳነ ነገር ምን ያስነሳዋል ብዬ። ዛሬ ቢሆን ገና በሩን ስገባ የምናገረው እሱን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ቡና ለማፍላት ጎንበስ ስትል ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። በጀርባዋ መተኛትም አቃታት። ሆስፒታል ሄደን ራጅ ስትነሳ የግራ ደረቷ ከግማሽ በላይ ነጭ ሆኖ ታየ። ሐኪሙ ጀርባዋን በጣታቸው እያንኳኩ «ስማ» አሉኝ። ቀኙ እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮሃል፤ ግራው እንደ ሞላ ጀሪካን ድፍን ነው። ውሃ ቋጥሯል አሉ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ለመቅዳት ቀጠሩን።

እነዚያን ሦስት ቀናት እስከ ዛሬ አፍርባቸዋለሁ። ውሃ ከቋጠረች ውሃ ባትጠጣ ይቀንሳል ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ በራሴ ወሰንኩ። በቀን አንድ ኩባያ፣ ሾርባም የለም። እትዬ ደግሞ ታዛዥ ሆነችልኝ። በቀጠሯችን ቀን ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ራሷን እያዞራት፣ ሳሏ ብሶ ደረስን። «ማነው ውሃ የከለከላት?» አሉ ሐኪሙ። እኔ ነኝ አልኩ።

አልተቆጡኝም። ሙያዬን ጠይቀው «እንግዲያው ኮትና ገበር ታውቃለህ» አሉኝና በዚያው አስረዱኝ። ሳንባን የሚሸፍን ስስ ገበር አለ፤ የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የሚያለብስ ሌላ ገበር አለ። በሁለቱ መካከል በጤነኛ ሰው ላይ ጥቂት የሻይ ማንኪያ የሚሆን ፈሳሽ ብቻ ነው ያለው፤ ሳንባ ሲነፋና ሲሟሽሽ እንዳይፋተግ። ካንሰሩ ገበሩ ላይ ሲያርፍ ፈሳሹ ከልክ በላይ ይመነጫል፣ የሚመጠጥበትም መንገድ ይደፈናል። ከምትጠጣው ውሃ ጋር አይገናኝም።

ሲቀዳላት አብሬያት ነበርኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትራስ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ደገፍ አለች። በአልትራሳውንድ ቦታውን አይተው፣ አደንዝዘው፣ በጎድን አጥንቶቿ መካከል መርፌውን አስገቡ። የወጣው ቀጭን ሻይ የመሰለ፣ ደም ደም የሚል ፈሳሽ ነው። 1.2 ሊትር ላይ ሲደርስ መሳል ጀመረች፤ ደረቴን ጨመደደኝ ስትል አቆሙ። እኔ ጨርሰው ቢቀዱላትስ እያልኩ ነበር። ለካ በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር በላይ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም፤ ብዙ ጊዜ ተጨምድዶ የቆየ ሳንባ ድንገት ሲዘረጋ ራሱ ውስጡ ፈሳሽ ሊሞላ ይችላል። ከፈሳሹ ለላብራቶሪ ተላከ፤ በአገራችን የሳንባ ነቀርሳም (ቲቢ) እንዲህ ውሃ ስለሚያስቋጥር ሁለቱም ታዩ። የተገኘው የካንሰር ሴል ነው።

ያን ሌሊት ተዘርግታ ተኛች። አክስታችን «ሳንባ በመርፌ ከተነካ አይመለስም» ስትል ሰንብታ ነበር፤ ጠዋት እትዬ እንጀራ ስትጋግር አይታ ዝም አለች።

በ19ኛው ቀን ግን ተመልሶ ሞላ፤ እንደገና ተቀዳ። ለሦስተኛው ጊዜ በ14ኛው ቀን ላይ ሳሏ ሲመለስ «ገና ይለፍ» አለች። ዶሮው ተገዝቷል፣ እንግዳ ተጠርቷል፤ እኔም እሺ አልኩ። የገና ዋዜማ እኩለ ሌሊት ላይ ከንፈሯ ጠቁሮ በባጃጅ ይዣት ስከንፍ፣ መንገዱ ነጭ በለበሱ ምእመናን ተሞልቶ ነበር። በኦክስጅን አደረች።

ከዚያ በኋላ ነው የደንበኞቼን ልኬት በምጽፍበት ደብተር ላይ ለእሷ አንድ ገጽ የከፈትኩት። የተቀዳበት ቀን፣ መጠኑ፣ ማታ የምትደገፈው ትራስ ብዛት፣ በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት እንደምትቆጥር። በተቀዳላት ማግስት እስከ 31 ትቆጥራለች። 15 ላይ ስትወርድ፣ ትራሷም ሦስት ሲሆን፣ ሳንጠብቅ በቀን ብርሃን እንሄዳለን። በሌሊት መሮጥ በዚያው ቀረ። ሲስተሮቹም ደብተሩን ካዩ ወዲህ ወረፋ ላይ ብዙ አላቆዩንም።

በአምስተኛው ቀጠሮ ጥያቄዬን ቀየርኩ። መቼ ይቀዳል ማለቱን ትቼ እንዳይመለስ ምን ይደረጋል አልኩ። ቤት ውስጥ የሚቀዳበት ለስላሳ ቱቦ በቋሚነት ማስገባት እንደሚቻል ሐኪሙ ነገሩን፤ እኛ ግን ፈልገን አላገኘነውም። ሌላው መንገድ ሁለቱን ገበሮች በታልክ ዱቄት ማጣበቅ ነው፤ ፈሳሹ የሚጠራቀምበት ክፍተት እንዳይኖር። ኮሌታ ውስጥ ጨርቅ ስናጣብቅ እንደምናደርገው መሆኑ ነው። (የአጎታችን ልጅ የሕፃናት ፓውደር ይገዛ ወይ ብሎ ነበር። ከጀርም ነፃ ተደርጎ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ የሱቅ ፓውደር አይነካም።) መጀመሪያ በቱቦ ውሃው ሁሉ ወጥቶ፣ ሳንባው ተዘርግቶ ግድግዳውን መንካቱ በራጅ መታየት አለበት፤ ካልነካ አይጣበቅም። የእሷ ነካ።

ቱቦው የሚፈስበትን ጠርሙስ ወለሉን ልጥረግ ብዬ ወደ አልጋው ላነሳ ስል ሲስተር ጮኸችብኝ። ሁልጊዜ ከደረቷ በታች መሆን አለበት፤ ከፍ ካለ የወጣው ይመለሳል። ታልኩ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ተኩል አተኮሳት፣ አመማትም። አስቀድመው ባይነግሩን ኖሮ ሆስፒታሉን በጩኸት ባናጋሁት።

ካንሰሩ አልሄደም፤ ሕክምናዋን ትከታተላለች። የግራው ውሃ ግን ስምንት ወር ሆነው፣ አልተመለሰም። አልፎ አልፎ ትንፋሽ ሲያጥራት ትንሽ የሞርፊን ሽሮፕ ትወስዳለች። ሱስ ይሆንብኛል ብላ ስታንገራግር ከርማ ነበር፤ ያስቸገራት የሆድ ድርቀት ብቻ ሆነ፣ ለእሱም ማለስለሻ ታዘዘላት። ፊቷ ላይ የምትነፋ ትንሽ ማራገቢያም ከጠበቅኩት በላይ ትረዳታለች። ፈሳሹ ሲቀዳ ፕሮቲንም አብሮ ስለሚወጣ እሁድ እሁድ ከአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ አመጣላታለሁ፤ አሁን ውሃም የፈለገችውን ያህል ትጠጣለች።

ትራስ መደራረቡ ሌሊት እየተንሸራተተ ሲያስቸግራት ከጠንካራ ስፖንጅ መደገፊያ ሠራሁላት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩ አስታማሚዎች አይተው እስካሁን አራት አሠርተውኛል። ራሳችሁ ልትሰፉ ከፈለጋችሁ፣ ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በራስጌ በኩል 30 ከፍ ብሎ ወደ ወገብ እያነሰ ይውረድ። ሽፋኑ እንዲታጠብ ዚፕ አድርጉለት፣ ዚፑን ግን በጎን በኩል። ከላይ ከሆነ ጀርባ ይወጋል።