ቡስት ልናደርግ ስንል ሪኩዌስት ውስጥ ያገኘሁት ጉድ

የምሰራበት ቦታ ሦስት ሰው ነን፣ ቦርሳ ነው የምንሰራው፣ ለማስታወቂያ የሚሆን ብር ደሞ የለም ማለት ይቻላል። ሶሻል ሚዲያውን አንቺ ያዢው ተባልኩና ኢንስታግራምና ቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ፣ ፎቶውን መስኮት ስር በስልኬ እያነሳሁ ኤዲቱንም ራሴ እየሰራሁ በሳምንት ሦስት ፖስት እለቃለሁ። ላይኩ አይከፋም፣ ፎሎወርም ቀስ እያለ ይጨምራል፣ የሚገዛ ግን የለም። አንድም ሰው! አለቃዬ ሁለት ወር ታገሰና "በቃ ያለችንን ብር ቡስት እናድርግባት" አለ (ፖስቱን ብዙ ሰው እንዲያየው ለኢንስታግራም መክፈል ማለት ነው)፣ እኔም ሌላ ሐሳብ ስላልነበረኝ እሺ አልኩ።

ልንከፍል ዋዜማ ማታ እህቴ ደወለች። "ጓደኛዬ ከጻፈችላችሁ ሳምንት አለፋት፣ ምነው ዘጋችኋት?" ኧረ ማንም አልጻፈልንም ብዬ ድርቅ አልኩ፣ ስክሪንሾት ላከችልኝ። ለካ ኢንስታግራም ላይ ፎሎው የማታደርጊው ሰው ሲጽፍልሽ ብዙ ጊዜ ዋናው ኢንቦክስ ውስጥ አይገባም፣ ሪኩዌስት የሚል ቦታ ሄዶ ይቀመጣል፣ አክሰፕት እስክትይ ድረስ ማየትሽንም ላኪው አያውቅም። እኔ ደሞ በፔጁ ማንንም ፎሎው አላደረግኩም፣ ትልቅ ድርጅት ለመምሰል ነው እንግዲህ (አሁን ሳስበው ያስቀኛል)። ስከፍተው የ31 ሰው ሜሴጅ። "ጥቁሩ አለ?" "ስንት ነው?" "ሄሎ?" አንዷማ ሦስቴ ጽፋ ጽፋ በመጨረሻ "ተዉት፣ ሌላ ቦታ ገዛሁ" ብላለች፣ እሷን ሳነብ ነው በጣም የደበረኝ።

በዛው የራሴን ፖስት እንደ ደንበኛ ልየው ብዬ ስነካካ ሌላ ጉድ። ካፕሽኑ ላይ (ከፎቶው ጋር የሚጻፈው ጽሑፍ) ሁሌ የቴሌግራም ሊንካችንን እለጥፍ ነበር፣ ካፕሽን ላይ ያለ ሊንክ ግን ቢነካም አይከፍትም፣ ባዮ ላይ፣ ማለትም ፕሮፋይሉ ላይ ስለራስሽ የምትጽፊበት ቦታ ነው የሚሰራው። ሁለት ወር ሙሉ አንዴ እንኳን ነክቼው አላውቅም እኮ!

ጠዋት ለአለቃዬ ስልኩን ሰጠሁት፣ ወደ ታች እየሳበ አነበበና "ቡስቱን ተይው" አለኝ። ሊንኩን ባዮ ላይ አደረግኩ፣ ዋጋም ፖስቱ ላይ መጻፍ ጀመርን (እሱ ተፎካካሪ ያየዋል እያለ እምቢ ይል ነበር)፣ ለ31ዱም ይቅርታ እየጠየቅኩ መለስኩ። ዘጠኙ መልሰው ጻፉ፣ አራቱ ገዙ።

አሁን ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው ሪኩዌስቱን ነው። እህቴም አንዳንዴ በማላውቀው አካውንት ደንበኛ መስላ ትጽፍልኛለች፣ ባለፈው አራት ሰዓት ዘግይቼ ብመልስላት ስድቧን ጠጣሁ።