የታምፔሬ ቅዳሜ

የፊንላንዷ ከተማ ታምፔሬ የደረስኩት በየካቲት ነው፤ የናሲያርቪ ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሠርቶ ሰው በላዩ ላይ በእግሩ በሚመላለስበት ሰሞን። ከሄልሲንኪ በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። የአክስቴ ልጅ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። እዚያው አግብቶ ወልዷል፤ ቋንቋቸውንም አጥርቶ ይናገራል። ሻንጣዬን እየተቀበለ "ጋሼ፣ እንኳን ቅዳሜ መጡ፤ ማታ ተራችን ነው" አለኝ። የሚኖሩበት ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ሳውና አለ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንት አንድ ሰዓት ተመድቦለታል፤ የእነሱ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ነው። ያቺን ሰዓት ለማግኘት ብዙ ጠብቀዋል፤ ቅዳሜን ሁሉም ይፈልገዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሳውና ሲባል ሆቴልና ጂም ይታሰበናል፤ ከማሳጅ ጋር አብሮ የሚከፈልበት፣ ለመዝናናት አልፎ አልፎ የሚኬድበት ነገር ነው። ፊንላንድ ውስጥ 5.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ሲኖር ሳውናው 3 ሚሊዮን ይጠጋል ተብሎ ይገመታል። በመኖሪያ ቤት፣ በመዋኛ ሥፍራ፣ በሐይቅ ዳር ጎጆ፣ ፓርላማው ውስጥም ሳይቀር አለ። የገና ዋዜማ ያለ ሳውና አያልፍም፤ በበጋው አጋማሽ የሚከበረው የዩሃኑስ በዓልም እንዲሁ። ዩኔስኮ ይህን ባህል እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ታምፔሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ራሷን የዓለም የሳውና ዋና ከተማ ብላ ትጠራለች።

በማግሥቱ ፒስፓላ ወጣን። ፒስፓላ በሁለት ሐይቆች መካከል የተዘረጋ ኮረብታ ነው። ዛሬ የቤቱ ዋጋ የማይቀመስ ቢሆንም፣ ድሮ የከተማዋ ፋብሪካ ሠራተኞች የእንጨት ቤታቸውን እንደ አቅማቸው የቀለሱበት ሰፈር ነበር። ራያፖርቲ የሚባለው ሳውና እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ እየሠራ ያለ፣ በአገሪቱ እስከ ዛሬ ካልተዘጉት የሕዝብ ሳውናዎች አንጋፋው ነው። የወንዱና የሴቱ ክፍል ለየብቻ ነው፤ የሚገባውም ራቁት ሆኖ ነው።

ይህን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከኛ አገር ሄዶ የሚከብደው ሙቀቱ አይደለምና። ከታናሼ ጋር፣ ይባስ ብሎም ከሚስቱ አባት ጋር ልብስ አውልቆ መቀመጥ እኔ ባደግሁበት ቤት የሚታሰብ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ጭንቀቴን አይቶ "እዚህ ማንም ማንንም አያይም፣ ጋሼ" አለኝ። እውነቱን ነው። ሽማግሌው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ክንዱ በንቅሳት የተሞላው ወጣት፣ አባቱ ይዞት የመጣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሁሉም ታጥበው ይገባሉ፤ ትንሿን ጨርቅ አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸውም ምድጃው ላይ ነው። ሳውና ውስጥ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚኮነው የሚል አባባል አላቸው። ሥልጣንም እዚያ ከልብስ ጋር ውጪ ይንጠለጠላል። የፊንላንዱ ፕሬዚዳንት ኬኮነን እ.ኤ.አ. በ1960 የሶቪየቱን መሪ ክሩሽቾፍን ሳውና ይዘዋቸው ገብተው እንደነበር እዚያ አገር የማያውቅ የለም።

አሁን ወደ ሙቀቱ። መቀመጫው እንደ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ይግላል። የላይኛው እርከን ላይ 80፣ 90፣ አንዳንዴም 100 ዲግሪ ይደርሳል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ቶሎ ይተናል፤ ሰውነት የሚችለውም ለዚህ ነው። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ከባልዲው በጭልፋ ቀድቶ የጋለው ድንጋይ ላይ ሲያፈስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ድንጋዩ "ችስስ" ይላል፤ ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ቀጥሎ ዓይን የማያየው እንፋሎት ጣሪያውን ታክኮ መጥቶ በጆሮና በትከሻ ላይ ይወርዳል። ቆዳ ከእንፋሎቱ ስለሚቀዘቅዝ እንፋሎቱ እላዩ ላይ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ ሲመለስ የያዘውን ሙቀት በሙሉ ለቆዳው ያስረክባል። ይህን ሞገድ ሎይሉ ይሉታል። ፊንላንዶች ስለ ሳውና ሲያወሩ የሚያመሰግኑትም የሚያማርሩትም እሱን ነው፤ ለስላሳ ሎይሉ፣ ቁጡ ሎይሉ፣ ቶሎ የሚሞት ሎይሉ እያሉ። የሚያፈሰው ሰው ሌሎቹን "ልጨምር?" ብሎ ይጠይቃል። ትንሹ ልጅ ራሱን ነቅንቆ ወደ ታችኛው እርከን ወረደ፤ ማንም ምንም አላለውም፤ ጠንክር ያለው ሰውም አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ልቤ ውስጥ የገባው። የጽናት ውድድር ቢሆን ኖሮ አባቱ ይቆጣው ነበር።

ሲበቃቸው ግቢው ውስጥ ወጥተው ይቀመጣሉ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 12 ነው፤ ከትከሻቸው እንፋሎት እየወጣ፣ ፎጣ አገልድመው፣ ውሃ ወይም ቢራ ይዘው ያወራሉ። ዝምተኛ ናቸው የሚባሉት ሰዎች እዚያ ግቢ ውስጥ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ሥራቸው ለማያውቁኝ ለእኔ ለእንግዳው ሳይቆጠቡ አወሩኝ። ከዚያ ተመልሰው ይገባሉ፤ እንደገና ይወጣሉ።

ስለ ጤናው ከዘመድ እስከ ጓደኛ ሁሉም ስለሚጠይቀኝ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ። ኩኦፒዮ በምትባለው ከተማና በዙሪያዋ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1989 የተመዘገቡ፣ ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 60 የሆነ 2,315 ወንዶችን ተመራማሪዎች ለ20 ዓመት ያህል ተከታትለዋል። ሐኪሙ ያሪ ላውካነንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ውጤት ዓለምን ያነጋገረ ነው። በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና የሚገቡት፣ አንዴ ብቻ ከሚገቡት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሞት የመቀጠፍ ዕድላቸው በ63 በመቶ፣ በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በኋላም እነዚሁ ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ሲታዩ ልዩነቱ 66 በመቶ ነበር።

ቁጥሩን ብቻ ይዞ ወደ ስቲም ቤት የሚሮጥ ሰው ግን ዋናውን ነገር ይስታል። በዚያ ጥናት ውስጥ የተነጻጸሩት ሳውና የሚገባና የማይገባ አይደሉም። የማይገባ ሰው እዚያ አገር ከየት ይመጣል? የተነጻጸሩት በሳምንት አንዴ የሚገቡትና አብዝተው የሚገቡት ናቸው። ጥናቱ ሰዎች ራሳቸው በመረጡት ኑሮ ውስጥ እያሉ የተከታተላቸው ነውና፣ ተመራማሪዎቹ የማጨስን፣ የደም ግፊትንና የመሳሰለውን ልዩነት አስልተው ቢያስተካክሉም፣ ሙቀቱ ብቻውን ዕድሜ ያስረዝማል ብሎ መማል አይቻልም። በሳምንት አራት ምሽት ስልኩን ትቶ፣ ከቤተሰቡ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ያለ ጥድፊያ የሚቀመጥ ሰው ሌላም ብዙ ነገር አለው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የማምነው ይህን ነው፤ ጥቅሙ ያለው ልማዱ ውስጥ ነው።

ሙቀቱ በሰውነት ላይ የሚሠራው ሥራ ግን በራሱ ግልጽ ነው። ከቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ ደም ለመቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ይጎርፋል፤ ልብ ፈጠን ብሎ በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ይመታል፤ ይህም ፈጠን ካለ የእግር ጉዞ ወይም ቀለል ካለ ሩጫ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ነው። መቶ ያህል ሰዎች 73 ዲግሪ በሚሆን ሳውና ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቆይተው ሲለኩ፣ የላይኛው የደም ግፊታቸው በአማካይ ከ137 ወደ 130 ወርዷል። ጡንቻ ይፍታታል፤ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የቀመሰ ያውቀዋል። "መርዝ ያወጣል"፣ "ያከሳል" የሚባለውን ግን ተዉት። መርዝን የማጣራቱ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው፤ ሚዛን ላይ የቀነሰውም ውሃ ስለሆነ ሲጠጡ ይመለሳል።

ከሁሉም ያልጠበቅሁት ግን የጭሱ ሳውና ነው። የአክስቴ ልጅ አማት ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቅ ዳር ጎጆ አላቸው፤ ከጎጆው ዝቅ ብሎ አባታቸው የሠሩት የግንድ ሳውና አለ። ጭስ ማውጫ የለውም። እኚህ ሰው፣ እኔ "አባባ" ስላቸው ትርጉሙን ጠይቀው ደስ ያላቸው የ74 ዓመት አዛውንት፣ ከጠዋት ጀምረው ክምር ድንጋይ ሥር እሳት ያነዳሉ። ጭሱ ክፍሉን ይሞላውና በበሩና ከጣሪያው ሥር ባለች ትንሽ መስኮት ይወጣል። አምስትና ስድስት ሰዓት ይፈጃል። እሳቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ፍሙን ጠርገው አወጡ፤ ድንጋዩ ላይ ውሃ ደፍተው የቀረውን መጥፎ አየር አስወጡ፤ ከዚያ በሩን ዘግተው "አሁን ይረፍ" አሉ። መቸኮል ያስፈራል፤ የከሰል ጭስ የሚገድለው እዚያም ነው። እኛም ቡና እየጠጣን ጠበቅን።

ያን ሁሉ ሰዓት የሠሩት ሥራ ፍሬው የገባኝ ስገባ ነው። ግድግዳው በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ ሽታው ግን የጭስ ቤት ሽታ ሳይሆን የታጠነ ዕቃ ሽታ ነው። ሙቀቱ አይቆነጥጥም፤ ከየአቅጣጫው እኩል ይመጣል። አባባ በበጋ ቆርጠው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጡትን የበርች ቅጠል እስር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው ነበር። ቅጠሉ ሲፈታ ክፍሉን የበጋ ጫካ ሽታ ሞላው። ከነከሩበት ውሃ ጨልፈው ድንጋዩ ላይ አፈሰሱ፤ ከዚያም እስሩን አቀብለውኝ ትከሻዬንና ጀርባዬን እንድመታ በእጃቸው አሳዩኝ። አያምም፤ ሙቀቱን ወደ ሥጋ ያስገባዋል፣ ደሙንም ይቀሰቅሰዋል።

እናታቸው የተወለዱት እዚህ ጎጆ አካባቢ በነበረ በሌላ የጭስ ሳውና ውስጥ መሆኑን ነገሩኝ። የድሮ የፊንላንድ እናቶች እዚያ ይወልዱ ነበር፤ ሞቃት፣ ውሃ ያለው፣ ጥቀርሻውም ጀርም የማያበዛ ክፍል ነውና። ሟችም የሚታጠበው እዚያ ነበር። እኔም በተራዬ ስለ እናቴ ወይባ ነገርኳቸው፤ ጉድጓዱ ውስጥ እንጨቱ እየጨሰ፣ ጋቢ ተከናንባ ላቧ እስኪንቆረቆር እንደምትቀመጥ። የአክስቴ ልጅ ሲተረጉም አባባ ጭልፋውን አስቀምጠው አዳመጡ። የእንጨቱን ዓይነት ጠየቁ፤ ስንት ሰዓት እንደሚነድ ጠየቁ፤ ስንወለድ ለእናቴ ተደርጎላት እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ የነበረው ወሬ ሁሉ ስለ እናቶቻችን ሆነ።

ሐይቁ ላይ በመጋዝ የተቆረጠ ቀዳዳ አለ፤ መሰላል ወርዶበታል። የሱፍ ካልሲ አድርገን ሄድን። ውሃው ውስጥ ሲገባ ትንፋሽ ይቆረጣል፤ አባባ የመከሩኝ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ መተንፈስን ነው፤ አሥር እስኪቆጠር ከቆዩ ይበቃል። ሲወጡ ቆዳው ሁሉ ይነድዳል፤ ብርዱም አይታወቅም። ይህን ክፍል ግን ለሁሉም ሰው አልመክርም። ቀዝቃዛው ውሃ ግፊትን በድንገት ስለሚያንረው የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሊተወው ይገባል፤ ፊንላንዶቹም ብዙዎቹ በረንዳ ላይ ቀዝቀዝ ብለው ይመለሳሉ እንጂ ቀዳዳው ውስጥ አይገቡም።

ሄዳችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ፦ ከታችኛው እርከን ጀምሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ራስ ከቀለለ ወይም ልብ ከደለቀ ያኔውኑ ውጡ፤ እዚያ አገር መውጣት አያሳፍርም። በፊትም በኋላም ውሃ ጠጡ። ሰክሮ መግባት ክልክል ነው በሉ፤ ሳውና ውስጥ የሚደርሰው ሞት ብዙ ጊዜ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ነው። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰበት፣ ደረቱን የሚያመውና ሕመሙ ያልተረጋጋ፣ ወይም የልቡ በር በጣም የጠበበ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይግባ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ሲነሡ ቀስ ይበሉ፤ ከሙቀቱ በኋላ ግፊት ስለሚወርድ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ሊወድቅ ይችላል።